የተሸለመ ወታደር ነጋዴ ሲሆን፦ የሕይወት ታሪኩን እንዴት እንሰንድ?

ከሜዳሊያው ጀምሩ። ጠርዙን አገላብጣችሁ እዩ፤ በአንዳንድ አገሮች ሜዳሊያ ላይ የባለቤቱ ስም ወይም መለያ ቁጥር እዚያ ይቀረጻል። ፎቶ ስታነሱ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ፤ ፊት ለፊት ካበራችሁበት ያንጸባርቅና ጽሑፉ አይነበብም። በፍጹም አትወልውሉት! መወልወያ ፊደሉን ቀስ በቀስ ይበላዋል፣ የተበላ ፊደል ደግሞ አይመለስም። ሪባኑንም አትጠቡት፣ ቀለሙ ይለቃል።

ቀጥሎ የሽልማት ደብዳቤውን ከአገልግሎት መዝገቡ ጋር አስተያዩ። ብዙ ጊዜ የሚምታታው ቀኑ ነው፦ ጀብዱው የተፈጸመበት፣ ሽልማቱ የጸደቀበትና ሜዳሊያው የተሰጠበት ቀን ሊለያዩ ይችላሉ። ሦስቱንም ለየብቻ ጻፉ።

ንግዱ ላይ ስትደርሱ ገንዘቡን ተከተሉ። መነሻው ከጡረታ፣ ከብድር ወይስ ከጦር ጓድ? የመጀመሪያውን የንግድ ፈቃድ፣ የብድር ውሉንና የሒሳብ ደብተሩን ጠይቁ። ኪሳራውን አትዝለሉት፤ ቤተሰብ ሊሸፍነው የሚሞክረው እሱን ነው፣ የሰውየው ጽናት የሚታየውም እዚያው ላይ ነው።

ቃለ መጠይቁ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይብቃው፤ ውጊያን ማስታወስ ያደክማል። «ምን ተሰማዎት?» ከማለት «ያን ቀን ጠዋት ምን ይዘው ወጡ?» ብሎ መጀመር ይሻላል። የድምፅ ቅጂውን በዚያው ዕለት 2 ቦታ አስቀምጡ።