የምርምር ሳምንት በአራት ኪሎ፦ ሳይንስ ላልተማረ አድማጭ

ተመራማሪዎች ጥናታቸውን የሚያቀርቡበት የምርምር ሳምንት መርሐ ግብር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳይንስ ግቢ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ በስልክዎ ፎቶ ያንሡትና ከአቅራቢያው ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ በወረቀት ያሳትሙት። ከዚያ እርሳስ ይያዙና መሰረዝ ይጀምሩ። በአምስት ቀን ውስጥ የሚቀርበውን ሁሉ እሰማለሁ ያለ ሰው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አዳራሽ ውስጥ ሲያንቀላፋ ይገኛል፤ ዓርብ ደግሞ ጨርሶ አይመጣም። በቀን ሁለት ገለጻ፣ ቢበዛ ሦስት፣ ይበቃል።

ይህን የምጽፈው ሳይንቲስት ሆኜ አይደለም። ሥራዬ እርማት ነው፤ አራት ኪሎ አካባቢ ማተሚያ ቤት ውስጥ ሰው የጻፈውን ሳነብ ጸጉሬ ሸብቷል። የሳይንስ ትምህርቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ግቢው ከሥራ ቦታዬ በእግር የሚደረስ ስለሆነ ግን የምርምር ሳምንት በመጣ ቁጥር ከዓመት ፈቃዴ ቆንጥሬ እገባለሁ። እንደ እኔ ያለ ሰው ከዚህ ሳምንት የሚጠቀመው «ምን ተገኘ?» የሚለውን ለባለሙያዎቹ ትቶ «እንዴት ታወቀ?» የሚለውን ሲከታተል ነው። ግኝቱን ለመመዘን የዓመታት ትምህርት ያስፈልጋል፤ መንገዱን ለመከተል ግን ንቁ ጆሮና ትንሽ ተጠራጣሪነት ይበቃል።

ሲመርጡ ርእስ አይመኑ። የአጽሕሮተ ጥናቱን (የየጥናቱን አጭር ማጠቃለያ) ጥራዝ ያግኙና የእያንዳንዱን የመጀመሪያ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ይዝለሉ፤ እዚያ የሚጻፈው ግብርና የኢኮኖሚያችን የጀርባ አጥንት መሆኑና ውኃ ለሕይወት አስፈላጊ መሆኑ ነው። እርሳስዎ ግሱን ይፈልግ። «ለካን»፣ «ቆጠርን»፣ «አነጻጸርን»፣ «ከዚህ ቦታ ናሙና ወሰድን» የሚል ካገኙ ምልክት ያድርጉበት። «ይዳስሳል»፣ «ያመላክታል»፣ «ትኩረት ይሻል» ብቻ ከሆነ ይሰርዙት። አንድም ቁጥር የሌለበትን ደግሞ ያለ ርኅራኄ ይሰርዙ። (የሒሳብ ሰዎች ይቅር ይበሉኝ፤ የእነርሱ ነገር ሌላ ነው።) ከተረፉት አንዱ በቤትዎ የሚበላ ነገር ይሁን፣ ጤፍም ቡናም እንሰትም ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ደግሞ ስሙን እንኳ ሰምተውት የማያውቁት ይሁን።

ሰዓቱን ሁለት ጊዜ ያጣሩ። በእንግሊዝኛ የታተመው መርሐ ግብር 2:30 ሲል ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ማለቱ ነው፤ አጠገቡ በአማርኛ የተለጠፈው ማስታወቂያ 2:30 ሲል ግን የጠዋቱን ነው። ሁለቱም በአንድ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ተለጥፈው አይቻለሁ። መታወቂያ ይያዙ፤ ላፕቶፕ ካለዎት ሲገቡ በር ላይ ያስመዝግቡት፣ ሲወጡ ሊጠየቁ ይችላሉና። አዳራሽ ውስጥ ከፊት ሦስተኛው ረድፍ ጥሩ ነው። ከኋላ ሆኖ የግራፍ ቁጥር ማንበብ አይቻልም፤ መጋረጃው ካልተዘጋ ደግሞ የፕሮጀክተሩን ምስል ፀሐይ ትበላዋለች።

ደብተርዎ ላይ ለእያንዳንዱ ገለጻ አራት ቃላት አስቀድመው ይጻፉ፦ ጥያቄው፣ ናሙናው፣ መለኪያው፣ ማነጻጸሪያው። ከእያንዳንዳቸው ፊት ለፊት አንዳንድ መስመር ክፍት ይተዉ። አቅራቢው ተናግሮ ሲጨርስ ባዶ የቀረው መስመር ጥያቄዎ ይሆናል።

የርእደ መሬት ገለጻ እንውሰድ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት በተደጋጋሚ በተንቀጠቀጠችበት ወቅት አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖር ብዙ ሰው አምፖሉ ሲወዛወዝ አይቷል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው አዳራሽ ይሞላል። ስክሪኑ ላይ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚመጣው አንድ ረጅም መስመር ነው። መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄድና በድንገት ትንሽ ይርገበገባል፤ ጥቂት ቆይቶ ከበፊቱ በእጅጉ የሚበልጥ ርግብግቢት ይከተላል። ዓይንዎን በሁለቱ መነሻዎች መካከል ባለው ክፍተት ላይ ያሳርፉ። ቀድሞ የደረሰው ፒ ሞገድ ይባላል፤ ዘግይቶ የደረሰው ኤስ ሞገድ ነው። በመካከላቸው ያለውን ሰከንድ በስምንት ቢያባዙት መነሻው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ በግምት ያገኛሉ። ክፍተቱ 16 ሰከንድ ቢሆን 128 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ፈንታሌ ተራራ በቀጥታ መስመር ከዚህ ብዙ አይለይም። ይህ ስሌት ርቀትን እንጂ አቅጣጫን አይነግርም። ስለዚህ በየጣቢያው ዙሪያ በርቀቱ ልክ ክብ ይሣላል፤ የሦስት ጣቢያዎች ክቦች የሚገናኙበት ቦታ መነሻው ነው። ይህን የሚያውቅ አድማጭ እጁን አንሥቶ «ስንት ጣቢያዎች መዘገቡት? የትኞቹስ ቅርብ ነበሩ?» ማለት ይችላል፤ ይህ ደግሞ ከባለሙያ ጥያቄ አያንስም።

በዚሁ ገለጻ ላይ ሌላም የሚጠብቁት ነገር አለ። በሬክተር ስኬል እየተባለ በዜና የሚነገረው ቁጥር ከ5 ወደ 6 ሲያድግ አንድ ብቻ የጨመረ ይመስላል። የመሬቱ ንዝረት ግን አሥር እጥፍ፣ የወጣው ኃይል ደግሞ 32 እጥፍ ገደማ ይሆናል። እንዲህ ያለ መለኪያ በባዮሎጂውም በኬሚስትሪውም ስላለ፣ ግራፍ በታየ ቁጥር መጀመሪያ ወደ ግራ ጠርዝ ይመልከቱ። ቁጥሮቹ 1፣ 2፣ 3 እያሉ ይወጣሉ ወይስ 1፣ 10፣ 100 እያሉ? ከዜሮ ይጀምራሉ ወይስ ከመሀል? ከ90 የሚጀምር ግራፍ ላይ 92 እና 96 የጉንዳንና የዝሆን ያህል ይራራቃሉ። በዐምዶቹ ጫፍ ላይ የሚታዩት ቀጫጭን ጭረቶችም የምን መለኪያ እንደሆኑ ካልተጻፈ ይጠይቁ፤ የናሙናው መበታተን ይሁን የአማካዩ እርግጠኝነት ትርጉሙ ለየቅል ነውና። «ፒ ከ0.05 በታች ነው» ሲባል ደግሞ (ይህ ፒ ከሞገዱ ጋር አይገናኝም፤ በስታቲስቲክስ የሚሰላ የዕድል ቁጥር ነው) ነገሩ 95 በመቶ እውነት ሆነ ማለት አይደለም። በእርግጥ ልዩነት ባይኖር ኖሮ በአጋጣሚ ብቻ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ ልዩነት የመታየት ዕድሉ ከመቶ ከአምስት ያነሰ ነው ማለት ነው።

ስለ ማነጻጸሪያ የምወደው ምሳሌ የእንዶድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ብዛት አስተዋለ። ቀንድ አውጣዎቹ ቢልሃርዚያ የተባለውን የጥገኛ ትል በሽታ የሚያስተላልፉት ናቸው። እዚህ ላይ ቆሞ «እንዶድ ይገድላል» ቢል ሌላ ሰው ሙቀቱ ነው፣ ጭቃው ነው ሊለው ይችል ነበር። እርሱ ግን ሕይወት ያላቸውን ቀንድ አውጣዎች በዕቃ አድርጎ ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርባቸው ጠየቀ፤ ሞቱ። ከዚያ በኋላ የላቦራቶሪው ዓመታት መጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባው ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበለ። ዛሬ በዩኒቨርሲቲው በስሙ የሚጠራ የፓቶባዮሎጂ ተቋም አለ። እርስዎም አዳራሽ ውስጥ «ይህ መድኃኒት ሠርቷል» ሲባል ያልወሰዱት ምን እንደሆኑ፣ «ይህ ማዳበሪያ ምርት ጨምሯል» ሲባል ያልተደረገበት መደብ ምን እንዳፈራ ይጠይቁ። የውኃ ጥናት ከሆነ ናሙናው የተወሰደበትን ወር ይጠይቁ፤ በነሐሴ የተቀዳ የቀበና ውኃና በየካቲት የተቀዳው አንድ ወንዝ ናቸው ለማለት ይከብዳል።

የጥያቄው ጊዜ ሲደርስ ወግ አያብዙ። «በመጀመሪያ አቅራቢውን፣ መድረክ መሪውን፣ እንዲሁም ይህን ዕድል ያመቻቹትን…» ተብሎ የሚጀመር ንግግር አምስቱን ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» የሚለው ደግሞ የባሰ ነው። ስምዎን ይናገሩ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጠይቁ፣ ይቀመጡ። ገለጻው በእንግሊዝኛ ቢሆንም በአማርኛ መጠየቅ አይፈሩ፤ መድረክ መሪው ያግዝዎታል። ካላገዘ በሻይ ሰዓት አቅራቢውን ያግኙት።

ስለ ሻይ ሰዓት ካነሣሁ፣ የሳምንቱ ምርጥ ቦታ በእኔ አስተያየት ፖስተሮች የሚሰቀሉበት መተላለፊያ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ቆሎውና ወደ ብስኩቱ ሲሮጥ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች በየፖስተራቸው አጠገብ ብቻቸውን ይቆማሉ። አንድ ጊዜ በባክቴሪያ ቆጠራ ላይ በተሠራ ፖስተር ፊት ቆሜ ሠንጠረዡ ውስጥ 106 የሚል ቁጥር ዓይኔን ያዘው። ከላዩ ያሉት ሁሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው።

«ልጄ፣ ይቺ 106 ናት ወይስ አንድ ሚሊዮን?» አልኳት።

ጠጋ ብላ አየችና በእጇ አፏን ያዘች። «አንድ ሚሊዮን ናት ጋሼ! ስድስቷ ከአሥሩ በላይ ትንሽ ሆና መቀመጥ ነበረባት፤ ስንገለብጠው ወርዳ ነው።» እስክሪብቶዬን ተቀብላ እዚያው አስተካከለችው፤ ከዚያ በኋላ ናሙናውን ማን እንደሰበሰበ፣ በምን እንዳጓጓዘችው፣ ማቀዝቀዣው መብራት ሲጠፋ ምን እንዳደረገች ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ይህ በማንኛውም ስላይድ ላይ አይገኝም። ስለዚህ ፖስተር ፊት ሲቆሙ ከውጤቱ ይልቅ ስለ ሥራው ይጠይቁ፦ መሣሪያው የት ነው ያለው? የትኛው ቀን ነበር አስቸጋሪው? ያልሠራላችሁ ሙከራ የቱ ነው?

በመርሐ ግብሩ ላይ የሰው ዘር አመጣጥ ጥናት ካለ ከገለጻው በፊት ብሔራዊ ሙዚየም ይግቡ። ከሳይንስ ግቢው ወደ ስድስት ኪሎ በሚወጣው መንገድ ላይ ነው፤ በእግር ይደረሳል። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ እንዳላት ማንኛውም ተማሪ ያውቃል፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። የተለካው አጥንቷ አይደለም። አጥንቷ በተገኘበት አፈር ዙሪያ ያሉት የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብሮች ናቸው በውስጣቸው ባለው አርጎን በተባለ ጋዝ የተለኩት። አዳራሽ ውስጥ አዲስ ቅሪተ አካል ዕድሜው ይህን ያህል ነው ሲባል አመዱ ከላዩ ነው ወይስ ከሥሩ ብለው ይጠይቁ። ከላዩ ያለው አመድ ቅሪቱ ቢያንስ ምን ያህል ዓመት እንደሆነው ይነግራል፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ ቢበዛ ምን ያህል እንደሆነው።

የመክፈቻና የመዝጊያ ንግግሮች ቢያመልጡዎት አይቆጩ።

ሳምንቱ ካለፈ በኋላ በደብተርዎ ላይ መስመሩ ባዶ ለቀረበት አንድ አቅራቢ ኢሜይል ይጻፉ። አድራሻው አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻው ስላይድ ላይ ይኖራል፤ ያኔውኑ ፎቶ ያንሡት። በየትኛው ቀንና አዳራሽ እንደሰሙት፣ ከዚያ አንዲቱን ጥያቄ፣ ከዚያ ሙሉ ጽሑፉን በፒዲኤፍ እንዲልክልዎ ይጠይቁ። ከአምስት መስመር አይብለጥ። የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲው የኢንተርኔት ማኅደር ውስጥ በርእሱ ይፈልጉት፤ ብዙዎቹ እዚያ በነጻ ስለሚገኙ ኢሜይሉን ለጥያቄው ብቻ ይጠቀሙበታል።