አፕዴት እምቢ ሲል፦ ኡቡንቱን ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

የድሬ ከሰዓት በኋላ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ከዚራ ዛፍ ጥላ ስር ካልተቀመጣችሁ ሙቀቱ እናንተንም ላፕቶፑንም እኩል ያነዳችኋል። ሰው ላፕቶፑን ታቅፎ የሚመጣብኝ ደግሞ በዚሁ ሰዓት ነው። «አቦ፣ ይሄ ኡቡንቱ ምንም አላወርድ አለ፣ ፎርማት አርግልኝ።» ኧረ ተው! ኡቡንቱ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ሲስተም ነው፤ ፎርማት ብታደርገውም ችግሩ ከውጭ ከሆነ ተመልሶ ያው ነው።

መጀመሪያ ተርሚናል፣ ማለትም ትዕዛዝ የሚተየብበትን መስኮት፣ ክፈቱና ሱዶ አፕት አፕዴት በሉ። አፕት የኡቡንቱን ፕሮግራሞች የሚያወርደውና የሚጭነው ነው። (ትዕዛዞቹን በፊደላችን የጻፍኩት ለንባብ ነው፤ እናንተ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትተይቡት።) ከዚያ የሚወጣውን አንብቡ። በ«ኢ» የሚጀምር መስመር ስህተት ነው፣ በ«ደብሊው» የሚጀምር ማስጠንቀቂያ። ሰው ይህን ሳያነብ ነው ተርሚናሉን የሚዘጋው።

«ኖት ቫሊድ የት» የሚል ካያችሁ ሰዓታችሁን እዩ። ይሄ እኛ አገር የራሱ ጣጣ አለው። አንድ የሰፈር ልጅ የማዘርቦርዱ ባትሪ፣ ያቺ ሲአር 2032 የምትባለው ክብ ባትሪ፣ ሞታበት ኮምፒውተሩን በከፈተ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለስበታል፤ እሱም ይስተካከልልኝ ብሎ ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር 2017 ብሎ ሞላው፣ ሰዓቱንም ከቀኑ 9 ስለሆነ 9 አለው። ኮምፒውተሩ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚያስብ ዓመታት ወደ ኋላ ሄደ፣ በዚያ ላይ ከቀኑ 9 ሰዓትን ጠዋት አደረገው። ስለዚህ ዛሬ የወጣው የፓኬጅ (የፕሮግራም ጥቅል) ዝርዝር ለእሱ ገና ያልደረሰ ነገር ነው፤ አልቀበልም ይላል። ዓመቱ ልክ ሆኖ 6 ሰዓት ብቻ ቢዛነፍም አዲስ የወጡትን ይመልሳል። መፍትሔው ሴቲንግስ ውስጥ ቀንና ሰዓት ላይ ገብቶ አውቶማቲኩን ማብራት ነው፣ የሰዓት ክልሉንም አዲስ አበባ ማድረግ። ባትሪዋንም ቀይሯት፣ ውድ አይደለችም።

«ቴምፖራሪ ፌይለር ሪዞልቪንግ» ካለ የኢንተርኔት መስመሩ ነው። ፒንግ 8.8.8.8 ብላችሁ ሞክሩ። መልስ ካልመጣ ኢንተርኔት የለም፣ ኡቡንቱን አትውቀሱት። መልስ ከመጣ ግን ስም ወደ አድራሻ የሚቀይረው ዲኤንኤስ ነው የተበላሸው፤ የዋይፋዩ ሴቲንግ ውስጥ አይፒቪ4 የሚለው ላይ አውቶማቲኩን ዲኤንኤስ አጥፉና 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1 ጻፉ፣ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ አብሩ።

የሆቴል ወይም የካፌ ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ «ኖዳታ» የሚል ነገር ካያችሁ፣ ብሮውዘር ክፈቱና ኮዱን አስገቡ። አፕት ፓኬጅ ጠይቆ የመግቢያ ገጹን ነው የተቀበለው።

«ሃሽ ሰም ሚስማች» ማለት የወረደው ፋይል ከተጠበቀው ጋር አልገጠመም ነው። መስመሩ እየተቆራረጠ ተበላሽቶ ይሆናል፣ ወይ ሰርቨሩ ራሱ በዚያች ሰዓት እየታደሰ ነው። ሱዶ አፕት ክሊን በሉ፣ ትንሽ ቆዩና እንደገና አፕዴት። አሁንም እምቢ ካለ «ሶፍትዌር ኤንድ አፕዴትስ» ውስጥ «ዳውንሎድ ፍሮም» የሚለውን «ሰርቨር ፎር ኢትዮጵያ» ከሚለው ወደ «ሜይን ሰርቨር» ቀይሩት። ብዙ ጊዜ እኔ በዚህ ነው የምገላገለው።

«404» ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አፕዴት ሳትሉ ቀጥታ ኢንስቶል ስላላችሁ ዝርዝሩ አርጅቶ ነው፤ ቀላል። ሌላው ግን ኡቡንቱው ራሱ ዕድሜው አልቆ ነው። ኤልቲኤስ (ለረጅም ጊዜ የሚደገፍ) ያልሆነ ሥሪት የሚደገፈው ለ9 ወር ብቻ ነው፣ ከዚያ ፋይሎቹ ወደ አሮጌዎቹ ሰርቨር ይዛወራሉ። ለምሳሌ 23.10 በፈረንጆቹ ሐምሌ 2024 አብቅቶለታል። እዚህ ላይ፣ እሺ፣ ፋይላችሁን ፍላሽ ላይ ገልብጡና እንደ 24.04 ያለ ኤልቲኤስ ጫኑ። እሱ 5 ዓመት ይደገፋል።

«ኩድ ኖት ጌት ሎክ» ካለ ምንም አልተበላሸም፤ ከጀርባ ራሱ አፕዴት እያደረገ ነው። ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ። የሎክ ፋይሉን (ሁለት አፕት በአንድ ጊዜ እንዳይሠሩ የሚቆልፈውን) አጥፉ የሚላችሁን ሰው አትስሙ። እየጫነ ሳለ መብራት ሄዶባችሁ ከሆነ ግን ሱዶ ዲፒኬጂ፣ ሁለት ሰረዝ ኮንፊገር፣ ከዚያ አንድ ሰረዝ ኤ፤ ካቆመበት ይጨርሰዋል።

በሞባይል ዳታ የምታወርዱ፣ «ይቀጥል?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ከላይ ስንት ሜጋ እንደሚበላ ጽፎላችኋል፣ እዩት። ከተቋረጠም ያንኑ ትዕዛዝ ድገሙት፤ የወረደውን እንደገና አያወርድም። የሌሊት የኢንተርኔት ፓኬጅ ካላችሁ ሱዶ አፕት አፕግሬድ፣ አንድ ሰረዝ ዲ ብላችሁ ማውረድ ብቻ፣ መጫኑን ቀን ላይ። በመሃል ግን አፕት ክሊን እንዳትሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያወረዳችሁትን ጠርጎ ያጠፋባችኋል።