"ሹፌር የሌለው አውቶቡስ ትሳፈራለህ?" ስንል የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጅማ ላይ ይህ ወሬ ሲነሳ ክርክሩ ቶሎ ይጦፋል። "ነፍሴን ለኮምፒውተር አልሰጥም" የሚል አለ። "ዱባይ እኮ ባቡሩ ሹፌር የለውም" የሚልም አለ። ሰውን ጠይቀን ይሳፈራል፣ አይሳፈርም ብለን ከመፍረዳችን በፊት ግን የሚታረሙ ነገሮች አሉ።

ባቡርና አውቶቡስን አንድ ማድረግ። የዱባይ ሜትሮ በፈረንጆቹ 2009 ሥራ ሲጀምርም ሹፌር አልነበረውም፤ እውነት ነው። ግን የራሱ ሐዲድ አለው፤ ፊቱ የሚሻገር ሰው የለም። አውቶቡስ መንገዱን ከሁሉም ጋር ይጋራል። መርካቶ አካባቢ ቆማችሁ እዩ። ባጃጁ ምልክት ሳያሳይ ይታጠፋል። ሸክም ያዘለች እናት ልትሻገር ስትል ሹፌሩን ዓይን ዓይኑን ታያለች። እሱ ፍጥነቱን ቀንሶ በእጁ "እለፊ" ይላታል፤ ታልፋለች። ሹፌር የሌለው አውቶቡስ ካሜራውና ሌዘሩ ሰው መኖሩን ያያሉ። እሷ ግን መታየቷን በምን ታውቃለች? ስለዚህ እግረኛውም መጠየቅ አለበት።

ሹፌር ከሌለ ማንም የለም ማለት። ስኮትላንድ ውስጥ ኤድንብራ አካባቢ በ2023 ሥራ የጀመሩት አውቶቡሶች ራሳቸውን ይነዱ ነበር። ሆኖም መሪው ላይ ለጥንቃቄ የተቀመጠ ሹፌር ነበር፤ ተሳፋሪ የሚያስተናግድ ሌላ ሠራተኛም ነበር። እኛም ጋ ሰውን የሚያስፈራው የመሪው ባዶ መሆን ብቻ አይመስለኝም። ማታ አንድ ሰካራም ሴት ልጅ ቢያስቸግር ማን "ውረድ" ይለዋል? ከገጠር የመጡ አባት መውረጃቸው ቢጠፋባቸው ማንን ይጠይቃሉ? "ወራጅ አለ!" ብንል ማን ይሰማል? ረዳቱ ይኖራል ወይስ አይኖርም የሚለው ሳይነገር የሚሰበሰብ መልስ ዋጋ የለውም።

"እሳፈራለሁ" ማለትን እንደ መሳፈር መቁጠር። የኤድንብራው መስመር በ2025 መጀመሪያ የተዘጋው ተሳፋሪ አንሶት ነው። ሰው ለማየት አንዴ ይሳፈራል። በየቀኑ የሚሳፈረው ግን ታሪፉንና የሚያስጠብቀውን ጊዜ አይቶ ነው።

አደጋን በርዕሱ ብቻ ማንበብ። አሜሪካ፣ ላስ ቬጋስ ላይ በፈረንጆቹ 2017 አንድ ሹፌር አልባ ሚኒባስ አገልግሎት በጀመረበት ቀን ተጋጨ። ጥፋቱ ወደ ኋላ ሲመጣ የነበረው የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሚኒባሱ ግን ቆሞ ጠበቀ እንጂ ወደ ኋላ ሸሸት አላለም። የኛ ሹፌር ቢሆን ጥሩምባውን ያቀልጠው ነበር። ሁለቱም መነገር አለባቸው።

ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ወጣቱን ብቻ ጠይቆ "ጅማ ዝግጁ ናት" ማለት። በገበያ ቀን ከነኩንታሏ የምትመጣዋን ነጋዴም ጠይቁ። እሷ መጀመሪያ የምታነሳው "ዕቃዬን ማን ይጭንልኛል?" የሚለውን ሳይሆን አይቀርም።