በቤተ መዛግብት ውስጥ የተረሳ ሰነድ እንዴት ይገኛል? እንዴትስ ይጠበቃል?

እ.ኤ.አ. በ1865 ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በጥይት በተመቱበት ምሽት ከሐኪሞች ሁሉ ቀድሞ የደረሰላቸው ወጣቱ ቻርለስ ሊል ነበር። የጻፈው ዘገባ ባለ 21 ገጽ ግልባጭ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ተቆልፎበት አልነበረም፤ ለጦር ሠራዊቱ ዋና ሐኪም ከተላኩ ደብዳቤዎች መካከል፣ በላኪው ስም የመጀመሪያ ፊደል ሥር ተቀምጦ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ እንደ መዝገብ ቤት ጸሐፊ ያስቡ። ወረቀቱን የተቀበለው የትኛው መሥሪያ ቤት ነው? የሚመዘግበውስ በቀን፣ በላኪ ወይስ በጉዳይ? ታዋቂውን ስም ብቻ ይዞ ካታሎግ ውስጥ መፈለግ ሌሎች ያገኙትን መልሶ ከማግኘት ብዙም አያልፍም። የክምችቱን ማውጫ መግቢያ ያንብቡ፤ አሰልቺ ነው፣ ግን ፋይሎቹ ከየት እንደመጡና ምን እንደጎደለ የሚናገረው እሱ ነው። ገና በካታሎግ ያልገባ ክምችት መኖሩን ደግሞ የቤቱን ባለሙያ ይጠይቁ።

ሣጥኑ ሲመጣ ሳይነኩ ፎቶ ያንሱ፤ የሚከለከል ከሆነ ቅደም ተከተሉን ይጻፉ። ወረቀቶችን በቀን ማስተካከል ቢያምርዎትም ይተዉት። አንድ ደብዳቤ ከየትኛው ማስታወሻ ጋር እንደታሰረ ራሱ ማስረጃ ነው፤ አንዴ ከተበተነ ማንም አይመልሰውም። ከማንበብዎ በፊት የክምችቱን ስም፣ የሣጥኑንና የአቃፊውን ቁጥር በእርሳስ ይመዝግቡ። ቀለም ያለው ብዕር ጠረጴዛው ላይ አይኑር።

ለወረቀት ንጹሕና ደረቅ እጅ ከጨርቅ ጓንት ይሻላል፤ ጓንት የጣትን ስሜት ያደነዝዛል፣ ጠርዝም ይቀድዳል። ጓንት የሚያስፈልገው ለፎቶግራፍና ለኔጋቲቭ ነው። የዛገ ስፒል ካዩ አይሳቡ፤ ዝገቱ ከወረቀቱ ጋር ተጣብቆ ስለሚሆን ባለሙያ ይጥሩ። በብረት ጨው የተሠራ የድሮ ቀለም ያለበትን ገጽም በጥንቃቄ ይመልከቱ፦ ጥቁሩ ወደ ቡናማ ይለወጣል፣ በፊደሎቹ ዙሪያ ጥላ ይታያል፣ ሲብስ ጽሑፉ ወረቀቱን በልቶ ቀዳዳ ይተዋል። እንዲህ ያለው ገጽ ቢታጠፍ በመስመሮቹ ላይ ይሰነጠቃል። ከሥሩ ጠንካራ ካርቶን አስገብተው ከካርቶኑ ጋር ያንሱት።

የሰነዱ ጠባቂ እርስዎ ከሆኑ፣ የተቀደደውን በስኮች አይለጥፉ፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል። ላሚኔሽንም (በፕላስቲክ መለበጥ) አይሆንም። ከአሲድ ነጻ በሆነ አቃፊ ያስቀምጡ፤ የጋዜጣ ቁራጭ አሲዱን ወደ ጎረቤቱ ስለሚያሻግር ለብቻው ይሁን። ክፍሉ ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ፣ እርጥበቱም ከ50 በመቶ የማይበልጥ ይሁን። የሚዋዥቅ እርጥበት ወረቀትን እያሳበጠና እያኮማተረ ያደክማል። ውሃ የነካው ወረቀት በ48 ሰዓት ውስጥ ሊሻግት ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ማድረቅ ካልተቻለ ፍሪዘር ውስጥ ገብቶ በረዶ እስኪሆን ይቀዝቅዝ።

ዲጂታል ቅጂ ሲሠሩ በ400 ዲ.ፒ.አይ. (በአንድ ኢንች 400 ነጥብ)፣ የምስሉን ጥራት በማይቀንስ የቲፍ (TIFF) ፋይል ያስቀምጡ፤ በፋይሉ ስም ላይ የሣጥኑን ቁጥር ይጻፉ። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ በፊት የተነሣ የተጣበቀ ወይም የሚሸት ፊልም ካገኙ ግን ስካን ለማድረግ አይሞክሩ። ናይትሬት ከሚባለው የድሮ ፊልም ቁስ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ ከተቀጣጠለም ውሃ አያጠፋውም። ክፍሉን አየር አስገብተው ባለሙያ ይጥሩ።