ከጎጃም ደኖች የአገር በቀል ዛፍ ዘር እንዴት እንደሚሰበሰብ

በጎጃም የባሕር ዛፍ ወይም ዲከረንስ የሚባለውን የውጭ ግራር ችግኝ የሚፈልግ ገበሬ ብዙም አይቸገርም፤ የጥቁር እንጨት፣ የዝግባ ወይም የኮሶ ችግኝ የሚፈልግ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል። በደን ምርምር ሥራዬ እንደታዘብሁት ዋናው ማነቆ ጥሩ ዘር በወቅቱ አለመሰብሰቡ ነው።

አገር በቀል ዛፎች በብዛት ተጠብቀው የሚገኙት በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ስለሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የደብሩን አስተዳዳሪና የሰበካ ጉባኤውን ማስፈቀድ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የእናት ዛፍ መረጣ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ግንዱ ቀጥ ያለ፣ በበሽታ ያልተጠቃና በደንብ ያፈራ ዛፍ ይመረጣል። በእርሻ መካከል ብቻውን የቆመ ዛፍ ለመልቀም ቢመችም፣ ከራሱ ጋር ወይም ከጥቂት ዘመዶቹ ጋር ብቻ የመዳቀል ዕድሉ ሰፊ በመሆኑ ከዘሩ ደካማ ችግኝ ሊወጣ ይችላል። የሚመከረው እርስ በርሳቸው 100 ሜትር ያህል ከሚራራቁ ወደ 30 ከሚደርሱ ዛፎች ተቀራራቢ መጠን እየወሰዱ መቀላቀል ነው። የአንድ ደብር ደን ብዙውን ጊዜ ይህን ያህል ስፋት ስለሌለው፣ ከፍታቸው የሚቀራረብ ሦስት አራት ደብሮችን ማዳረስ ግድ ይላል። ለቃሚን በኪሎ መክፈልን የምቃወመውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በኪሎ የሚከፈለው ሰው ቅርንጫፉ ዝቅ ያለውንና ፍሬ የበዛበትን አንድ ዛፍ አራግፎ ቢመለስ አይፈረድበትም። በቀን ሒሳብ መክፈል ወጪው ከፍ ቢልም ዘሩ ያዋጣል።

ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ ወንዱና ሴቱ በተለያየ ዛፍ ላይ እንደሚገኙም መዘንጋት የለበትም። ዘር የሚገኘው ከሴቷ ነው፤ በአቅራቢያዋ ወንድ ዛፍ የሌላት ሴት ጥድም ብዙ ባዶ ዘር ልትሰጥ ትችላለች።

የመልቀሚያውን ጊዜ በወር ብቻ መወሰን አያዋጣም፤ መታየት ያለበት ፍሬው ነው። ከየዛፉ ጥቂት ፍሬ ወስደው ዘሩን በምላጭ ለሁለት ይሰንጥቁት። የበሰለ የጥድ ፍሬ ከላይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ሲሆን፣ ደህናው ዘር ሲሰነጠቅ ነጭና ጠንከር ያለ እምብርት ይታይበታል፤ ባዶው ግን ቅርፊት ብቻ ነው፣ አንዳንዴም ውስጡ ደርቆ ቡናማ ይሆናል። አብዛኛው ባዶ ከሆነ ያን ዛፍ ይለፉት።

ለመልቀም ከዛፉ ሥር ሸራ አንጥፎ ጫፉ ላይ ቆልማማ ብረት በታሰረበት ረጅም ዘንግ ቅርንጫፉን እያወዛወዙ ማራገፍ በቂ ነው። ገጀራ ይዞ የሚመጣን ለቃሚ አያሰማሩ፤ የተቆረጠ ቅርንጫፍ በሚቀጥለው ዓመት አያፈራም።

ከተለቀመ በኋላ ያለው አያያዝ እንደ ዛፉ ዓይነት ይለያያል። የዋንዛ፣ የወይራና የጥድ ፍሬ ሥጋው በውኃ ታሽቶ ከተለቀቀ በኋላ ዘሩ ጥላ ውስጥ በስሱ ተሰጥቶ ይደርቃል። የወይራ ዘር ድንጋያማ ሽፋን ስላለው፣ ከመዘራቱ በፊት እምብርቱን ሳይነኩ ሽፋኑን በጥንቃቄ መሰንጠቅ አበቃቀሉን ያፋጥነዋል። ጥቁር እንጨትና ዶቅማ ግን እንደ እህል በፀሐይ የሚሰጡ አይደሉም። የዶቅማ ዘር ከደረቀ ይሞታል፤ የጥቁር እንጨትም ቢሆን ከመጠን በላይ መድረቅን ስለማይወድ የመብቀል ኃይሉን ቶሎ ያጣል። ስለዚህ የሁለቱ ዘር የሚዘራበት የችግኝ መደብ ከለቀማው በፊት ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት፤ ሥጋው ታጥቦ የወጣው ዘር እርጥበቱ ሳይለቀው በቶሎ ይዘራል። መንገድ ላይ አየር በሚያስገባ ጆንያ ይጓጓዝ እንጂ በፌስታል አይታሰር፤ በፌስታል ውስጥ የታፈነ እርጥብ ፍሬ ይሞቅና ይሻግታል።

በመጨረሻ በእያንዳንዱ ጆንያ ላይ የዛፉ ስም፣ የተለቀመበት ቦታና ቀን፣ የእናት ዛፎቹ ብዛትና የቦታው ከፍታ ይጻፍ። ጎጃም ከአባይ በረሃ ተነሥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ እስከሚደርሰው የጮቄ ተራራ የሚዘልቅ አገር በመሆኑ፣ ከደጋ የተለቀመ ዘር ቆላ ወርዶ ላይጸድቅ ይችላል። ችግኝ ጣቢያዎች ከፍታው ያልተመዘገበ ዘር ባይረከቡ ደስ ይለኛል።