ቨርቴክስን ሳይሸመድዱ ማግኘት

የቨርቴክስን (ኤክስ² ያለበት ግራፍ፣ ማለትም ፓራቦላ፣ የሚታጠፍበትን ጫፍ) ፎርሙላ ሸምድዶ ፈተና ላይ ምልክቱ የሚጠፋበት ተማሪ ብዙ ነው። መሃሉን መፈለግ ከቻላችሁ ግን ፎርሙላው ቢጠፋችሁም ችግር የለም።

እስቲ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አንዲት እናት የግቢያቸውን ግንብ ተጠግተው ለዶሮ የሚሆን ቦታ ሊያጥሩ ነው እንበል። 24 ሜትር ሽቦ አላቸው፣ አንዱን ጎን ግንቡ ስለሚሸፍነው ሽቦው ለሦስቱ ብቻ ነው። ቦታው በጣም የሚሰፋው እንዴት ቢታጠር ነው?

ከግንቡ የሚነሳውን ጎን ኤክስ በሉት። እሱ ሁለት ጊዜ ስላለ ለሦስተኛው ጎን 24 − 2ኤክስ ይተርፋል። ስፋቱ ኤክስ(24 − 2ኤክስ) ነው፤ ሲበተን −2ኤክስ² + 24ኤክስ። ከኤክስ² ፊት ያለው ቁጥር ኔጋቲቭ ስለሆነ ፓራቦላው ወደ ታች ይከፈታል፣ ቨርቴክሱም ከሁሉም ከፍ ያለው ነጥብ ነው። ፖዘቲቭ ቢሆን ዝቅተኛው ይሆን ነበር።

አሁን ዋናው ነገር፦ የፓራቦላ ግራና ቀኙ አንድ ነው። እኩል ዋጋ የሚሰጡ ሁለት የኤክስ ቁጥሮች ካገኛችሁ ቨርቴክሱ መሃላቸው ላይ ነው፣ አለቀ። ስፋቱ ዜሮ የሚሆነው ኤክስ 0 ሲሆን እና 12 ሲሆን ነው (12 ላይ ሽቦው በሁለቱ ጎን ያልቅና ጫጩት እንኳ የሚያስገባ ክፍተት አይተርፍም)። መሃላቸው 6። ሦስተኛው ጎን 12 ይሆናል፣ ስፋቱ 72 ካሬ። ሰው በግምት የሚመርጠው 8 በ8 ግን 64 ካሬ ብቻ ነው የሚሰጠው።

ብቻዋን የቆመች ቁጥር ስትኖርስ? 2ኤክስ² − 12ኤክስ + 7 እንውሰድ። ይሄ በቀላሉ ፋክተር አይደረግም። 7ቷን ለጊዜው ተዋት፤ እሷ ግራፉን ወደ ላይ ታነሳዋለች እንጂ ወደ ጎን አትገፋውም። የቀረው 2ኤክስ(ኤክስ − 6) ነው፣ ዜሮ የሚሆነው 0 እና 6 ላይ፣ መሃሉ 3። አሁን 7ቷን መልሱና 3ን ተኩ፦ 18 − 36 + 7 = −11። ቨርቴክሱ (3፣ −11) ነው።

ይህንኑ በፊደል ኤኤክስ² + ቢኤክስ ብላችሁ ብትሰሩት ዜሮዎቹ 0 እና −ቢ/ኤ ይሆናሉ፣ ግማሹ ያው የምታውቁት −ቢ/(2ኤ) ነው። ቢ ራሷ ኔጋቲቭ ስትሆን ሁለቱ ምልክቶች ተጣፍተው −ቢ ፖዘቲቭ ይሆናል፣ እዚህ ጋ ነው ብዙው ሰው የሚወድቀው። ኮምፕሊቲንግ ዘ ስኩዌርም (ሙሉ ካሬ አድርጎ መጻፍ) 2(ኤክስ − 3)² − 11 ብሎ እዚያው ያደርሳችኋል፣ ግን አስተማሪው በግድ ካላዘዘ ለዚህ ብቻ መድከም አይመስለኝም።

ምርጫ ላይ «ዝቅተኛው ዋጋ ስንት ነው?» ሲባል 3 ቁጭ ብላ ትጠብቃችኋለች። መልሱ −11 ነው። መልሳችሁን ከተጠራጠራችሁ ከ3 ግራና ቀኝ እኩል ራቁና 2ን እና 4ን ተኩ፤ ሁለቱም −9 ካመጡ ቀጣዩን ጥያቄ ጀምሩ።