ደሞዜን የእድሩ ሰብሳቢ ሲያነቡት፦ ሰው መሀል ስልክ ስንከፍት የምንሠራቸው ስህተቶች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ጥቂት ዓመታት ሆነኝ። ሥራዬ መሀል ከተማ ነው። ጠዋት ሰልፍ፣ ከዚያ ታክሲ፣ ከዚያ የመንገድ መዘጋጋት። ማታም ያው ነው። በቀን ሁለት ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ የሚያልፍበት ሰው ስልኩን ካልነካካ ምን ያድርግ?

አንድ ቀን ማታ ከመገናኛ ስመለስ ኋላ ወንበር ላይ አራት ሆነን ተጣበን ተቀምጠናል። ስልኬ ጢጥ አለ። የባንክ መልእክት ነው። ከፈትኩት፣ ደስ አለኝ፣ ዘጋሁት። በሦስተኛው ቀን የእድራችን ገንዘብ ሰብሳቢ ብሎካችን ሥር አገኙኝና «ልጄ፣ ደሞዝ ገብቶልህ የለ እንዴ? የሁለት ወር መዋጮ እኮ አለብህ» አሉኝ። ለካ ያን ማታ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ እሳቸው ኖረዋል! ጨለማ ስለነበር ፊታቸውን አላየሁም። እሳቸው ግን ስልኬን በደንብ አይተውታል።

ተናደድኩ። ከዚያ መዋጮውን ከፈልኩ። ሲበርድልኝ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ቦሌ ወይ ፒያሳ ታክሲ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው ምናልባት ዳግም አታዩትም። የከተማ ዳር ታክሲ እንደዚያ አይደለም። የምንሳፈረው ያው ሰዎች ነን። ነገ ሰልፍ ላይ፣ ቅዳሜ ወፍጮ ቤት፣ እሁድ እድር ላይ እንገናኛለን። ስለዚህ ስክሪናችሁን ያየው ሰው ያየውን ይዞ ወርዶ የሚጠፋ መንገደኛ አይደለም። ጎረቤት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ራሴንም ሰውንም ስታዘብ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

«የሚደበቅ ነገር የለኝም» ብሎ መተው

ይህን የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። «ምን ያነቡብኛል? ሌባ አይደለሁ!» እሺ። ግን ስልክ ውስጥ ያለው ሁሉ የባለ ስልኩ ብቻ አይደለም። እህታችሁ ከባሏ ጋር ተጣልታ የጻፈችላችሁ የእሷ ነው። ጓደኛችሁ የላከው የላብራቶሪ ውጤት የእሱ ነው። ለእናንተ ነገሩ እንጂ ለኋላ ወንበር ሙሉ ሰው አልነገሩም። ካፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከስክሪን የወጣው ደግሞ አፋፉን አልፎ ቀጣዩ ብሎክ ይደርሳል።

ሜሴጁን ከፍቶ ስልኩን ለባለሱቅ ማቀበል

በጣም የበዛው ስህተት ይሄ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ሽንኩርት ሻጯ ሳትቀር በስልክ ትቀበላለች። መልካም ነው። ክፍያው እንዳለቀ ግን ባለሱቁ «እስኪ ሜሴጁን አሳየኝ» ይላል። እኛም ስልኩን እንዳለ እናቀብላለን።

ችግሩ ሜሴጁ ላይ ነው። የተከፈለውን ብቻ ተናግሮ አያበቃም። መጨረሻው ላይ ሂሳባችሁ ውስጥ የቀረውን ብርም ይጽፋል። ዳቦና እንቁላል ገዝታችሁ፣ አካውንታችሁ ውስጥ ስንት እንዳለ ባለሱቁ፣ ልጁ፣ ዘይት ሊገዛ የቆመው ሰውዬ ሳይቀሩ ያውቁታል። ብዙ ካለ ብድር ጠያቂ ይመጣል። ትንሽ ካለ ደግሞ ዱቤ መጠየቅ አበቃ ማለት ነው።

ከሜሴጁ ይልቅ ክፍያው ሲያልቅ አፑ ላይ የሚመጣውን ደረሰኝ አሳዩ። የተከፈለው ብርና የግብይት ቁጥሩ አለበት። ባለሱቁ የሚፈልገው ይኸው ነው። ስልኩ ግን ከእጃችሁ አይውጣ። እንደ እኔ ከሆነ ለባለሱቁም የሚሻለው የራሱን ሂሳብ ማየት ነው። የገዢ ሜሴጅና ስክሪንሾት በቀላሉ ተቀናብሮ ሊሠራ ይችላል። የራሱ ሂሳብ ላይ የገባ ብር ግን የገባ ነው።

ሚስጥር ቁጥር ስትጽፉም እንደዚሁ። ስልኩን ወደ ደረት ጠጋ፣ በሌላው እጅ ከለል። ነውር የለበትም። ባለሱቁ ቢቀየም ነገ ይረሳዋል። በነገራችን ላይ ብዙ አንድሮይድ ስልኮች የይለፍ ቃል ስትጽፉ የመጨረሻዋን ፊደል ለአፍታ ያሳያሉ። ሴቲንግ ውስጥ ይህን የምታጠፉበት ቦታ አለ፤ አጥፉት።

ተቆልፎም የሚያወራ ስልክ

ስልኩ ተቆልፎ ካፌ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ማኪያቶ እየተጠጣ ነው። መልእክት በመጣ ቁጥር ግን ስክሪኑ ይበራና የላኪውን ስም ከነጽሑፉ ያወጣዋል። ታዲያ መቆለፉ ለምን አስፈለገ?

የባሰው የማረጋገጫ ኮዱ ነው። እሱም እዚያው ብቅ ይላል። ቁጥራችሁን የሚያውቅ ሰው ቴሌግራማችሁን በሌላ ስልክ ሊከፍት ሞክሮ ኮዱን ከጠረጴዛው ላይ ሊያነበው ይችላል። እኛ ሰፈር ደግሞ ቁጥራችንን የማያውቅ ማን አለ? የእድር መዝገብ ላይ አለ፣ የብሎኩ ግሩፕ ላይ አለ፣ የውሃ ቦቴው ሹፌር ጋ አለ።

ሴቲንግ ውስጥ ኖቲፊኬሽን፣ ከዚያ ሎክ ስክሪን የሚለው ጋ ግቡና ይዘቱ እንዳይታይ አድርጉ። ስልኩ መልእክት መኖሩን ብቻ ይነግራችኋል። ቴሌግራም ላይም ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩት። ያኔ ኮዱን ያየ ሰው የይለፍ ቃላችሁን ካላወቀ አይገባም።

ፕራይቬሲ ግላስ አስለጥፎ መዝናናት

ጎኑን የሚያጨልመውን ግላስ አስለጥፌ ነበር። ጥሩ ነው፣ ይጠቅማል። ግን የሚከልለው ከግራና ከቀኝ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ከጀርባችሁ ቆሞ ቁልቁል የሚያየውን ሰው አይከለክልም። ስልኩን አግድም ይዛችሁ ቪዲዮ ስታዩ ደግሞ የብዙዎቹ ግላሶች መከለያ ከጎን መሆኑ ይቀርና ከላይና ከታች ይሆናል። ማታ ሌላ ጣጣ አለ፦ ውጭው ሲጨልም የታክሲው መስኮት መስታወት ይሆናል። እኔ አንዴ የፊቴን ወንበር ሰው ቻት በመስኮቱ ውስጥ ተገልብጦ አየሁት።

የስክሪኑን ብርሃን መቀነስም ይረዳል። ብር አይጠይቅም፣ ባትሪም ይቆጥባል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ካፌ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ጀርባችሁን ለግድግዳው ስጡ።

አንድ ፎቶ ለማሳየት ጋለሪውን ማስረከብ

«የልጅሽን ልደት አሳይኝ እስቲ» ትላለች ጎረቤት። ስልኩ ይሰጣል። አንድ ፎቶ ታያለች፣ ከዚያ ጣቷ በራሱ መሄድ ይጀምራል። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አሥረኛ። መታወቂያ፣ የሐኪም ወረቀት፣ የቤት ካርታ፣ ፎጣ ለብሶ የተነሳ ባል። ክፋት የላትም። ጣት ነው።

ስልኩን እናንተ ይዛችሁ አሳዩ። መስጠት ግድ ከሆነ አንድሮይድ ላይ አንድ አፕ ብቻ ስክሪኑ ላይ የሚቸነክር ምርጫ አለ፣ አይፎን ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። ልጅ ካርቱን ሊያይ ሲለምናችሁም ይሄው ያገለግላል። ፎቶ ላይ ግን ጋለሪው ራሱ ስለሚከፈት አያድናችሁም።

ፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ መሄድ

ፕሪንተር ቤቱ ያለው ሰው ስንት ነው? ስለዚህ ሁላችንም አስፋልት ዳር ያለችው ፎቶ ኮፒ ቤት እንሄዳለን። እዚያ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሲቪ ፕሪንት ላስደርግ ገብቼ፣ ልጁ ዳውንሎድ የሚለውን ፎልደር ሲከፍት ከላይ እስከ ታች የሰው ወረቀት ነው። ፋይዳ መታወቂያ፣ ዲግሪ፣ የጋብቻ ሰርተፊኬት፣ የኪራይ ውል። አንዱን የማውቀው ሰው ነው። ልጁ መጥፎ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ለማጥፋት ጊዜ የለውም።

አንዳንዱ ደግሞ ቴሌግራሙን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ፣ ወረቀቱን አትሞ፣ ገጹን በኤክስ ዘግቶ ይሄዳል። መዝጋትና መውጣት አንድ አይደሉም። ቀጣዩ ሰው ሲከፍተው የእናንተ ቻት ሊጠብቀው ይችላል። እንዲህ አድርጋችሁ ከሆነ አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስ የሚለውን እዩ። የማታውቁት ኮምፒውተር ካለ ከዚያው አስወጡት። ዋትስአፕም እንዲሁ የተገናኙ መሣሪያዎችን ያሳያል።

የሚሻለው የራስን አካውንት እዚያ ጨርሶ አለመክፈት ነው። ፋይሉን ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ቴሌግራም ላኩ፣ ይታተም፣ ከዚያ ከሁለቱም ወገን አጥፉት። ይሄ ግን ዳውንሎድ የሆነውን ቅጂ አያጠፋም። ልጁን «ወንድሜ፣ እሱንም ከነሪሳይክል ቢኑ አጥፋልኝ» በሉት። እዚያው ፊት ለፊታችሁ ያጠፋዋል። ድብቅ የሚባለው የብራውዘር ገጽም እዚህ ብዙ ሰው ያታልላል። ታሪክንና የይለፍ ቃልን ኮምፒውተሩ ላይ አያስቀርም፣ ይሄ እውነት ነው። ያወረዳችሁት ፋይል ግን እዚያው ይቀራል፤ ከጀርባችሁ የቆመውን ዓይንም አይሸፍንም።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ ጥሩ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቷ ድረስ ወርዶ ፋይላችሁን የሚያጠፋላችሁ ግን እናንተው ናችሁ።

ድምፅ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት። ሰው ገና እንቅልፉን አልጨረሰም። አንዱ ቲክቶክ እስከ ጥግ ከፍቷል። ኢርፎን ከሌላችሁ ጽሑፉን አንብቡ። ስፒከር ላይ አድርጎ ማውራትም ያው ነው፤ ደዋዩ ስንት ሰው እየሰማው እንደሆነ አያውቅም፣ ቢያንስ ንገሩት።

የሰው ስክሪን ማንበብ

አሁን ወደራሴ ልምጣ። ከላይ ያለውን ሁሉ የምጽፈው ሰው ንጹሕ አይደለም። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ከጓደኛዋ ጋር ትጻጻፋለች። ዓይኔ ሄደ። ጓደኛዋ ስለ አለቃዋ የጻፈችው ነገር በጣም ያስቃል። ሳቅኩ። ድምፅ አውጥቼ! ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝ፣ ስልኩን ገለበጠችው፣ እስክንወርድ ድረስ አልከፈተችውም። አርባ ደቂቃ ያህል ስልኳን የቀማኋት እኔ ነኝ።

ዓይን መሄዱ አይቀርም፣ ቦታው ጠባብ ነው። መመለስ ግን ይቻላል። ያያችሁትን ደግሞ አትናገሩ። «ፍሬኑ ከታች ነው» ብሎ የሰው ጌም ላይ ምክር የሚሰጥ ሰው አጋጥሞኛል። አንድ ሰው ስክሪናችሁ ላይ ቢያፈጥም ጠብ አያስፈልግም። ስልኩን ዘቅዝቁና «ደህና ዋሉ» በሉት። ሰላምታው ይበቃዋል። ሲያፍር ታዩታላችሁ።

ባለፈው ወር እኒያው የእድራችን ሰብሳቢ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። በዚህ ጊዜ አይቻቸዋለሁ። ሰላም ብያቸው ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። እሳቸው የራሳቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ዓይኔ ደክሟል፣ ይሄን ፊደል አሳድግልኝ» አሉኝ። አሳደግኩላቸው። አንድ ፊደል የአውራ ጣት ጥፍር አከለ። ከዚያ አንድ ፋይል ከፈቱ። የእድሩ ባለዕዳዎች ዝርዝር ነው፣ ከነስማቸው፣ ከነወሩ፣ ከነብሩ። ከኋላችን ያለው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገና ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ጋሼ፣ ብርሃኑንም ልቀንስልዎት?» አልኳቸው።

«ተወው፣ እንዲህ ነው የሚታየኝ» አሉ።